የምናለ ማሽን እምቢ ያለበት ሳምንት

«መጣ… መጣ… ይኸው መጣ…» አለ ጣሃ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

የኮምፒውተሩ ኩባንያ ምልክት ብቅ አለ። ከሥሩ ነጫጭ ጽሑፍ መደርደር ጀመረ። ይህ ባዮስ የሚሉት ነው፤ ማሽኑ ሲነቃ እጅ እግሩ መኖሩን የሚፈትሽበት። የትናየት በልቧ ቆጠረች፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጥፍት። ማራገቢያው ዝም አለ፤ ትንፋሹን የሚሰበስብ ያህል ቆየና እዝዝ ብሎ እንደገና ተነሣ። ያው ምልክት፣ ያው ጽሑፍ፣ ያው አራት። ጥፍት።

«ሄደ» አለ ጣሃ።

ከግድግዳው ወዲያ፣ ግቢው ውስጥ ከተተከለው ድንኳን የለቀስተኛው ወሬ እንደ ንብ ያጉረመርማል። አባቷ ምናለ ከተቀበረ ስድስተኛ ቀኑ ነው። የትናየት በወጉ ቢሆን ጥቁሯን ለብሳ ከእናቷ ጎን ፍራሽ ላይ መቀመጥ ነበረባት። ጥቁሩንስ ለብሳለች፤ ግን እጇ ላይ ያለው ካቻቢቴ ነው፤ የተቀመጠችውም መንገድ ዳር በሚገኘው የአባቷ የኮምፒውተር መጠገኛ ክፍል፣ ሆዱ በተከፈተ አሮጌ ማሽን ፊት።

ጎረቤታቸው እትዬ ማሚቱ ንፍሮ በሰሃን ይዛ ገባችና በሩ ላይ ቀጥ አለች።

«አንቺ ልጅ! አባትሽ ሰባቱ እንኳ ሳይወጣ ብሎን ትፈቻለሽ? ሰው ምን ይላል?»

«እሱ በኔ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር፣ እትዬ?»

ማሚቱ አሰበች። «እሱማ ማሽን ተበላሸ ቢሉት ከሬሳ ሣጥኑም ተነሥቶ ይፈታው ነበር» አለችና፣ ያመለጣትን ሳቅ በነጠላዋ ጫፍ ከድና ሰሃኑን አስቀምጣ ወጣች።

ነገሩ የመጣው በሣልስቱ ዕለት ነው። የአሸተን ማርያሙ የቅኔ መምህር መሪጌታ ጽጌማርያም በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው በበቅሎ ወርደው ድንኳኑ ውስጥ ሲቀመጡ፣ ሰው ሁሉ ዓይን ለዓይን ተያየ። መሪጌታው ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወረዱ የዕድሜያቸውን ቅኔ ለምናለ ሲነግሩት ኖረዋል። እሱም በዚህ ማሽን ይጽፍ ነበር። በመጨረሻዋም ቅዳሜ እንደ ወትሮው ሲጽፍ አርፍዶ፣ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ጋደም እንዳለ በዚያው ቀረ። ቅኔውስ? ጥያቄው ከፍራሽ ፍራሽ በሹክሹክታ ዞረ። የትናየት ራሷ እግራቸው ሥር ተንበርክካ «ማሽኑ እየበራ ይጠፋል መሪጌታ፣ ግን እንሞክራለን» ስትላቸው፣ ራሷን ዳበሱ።

«ተይው ልጄ። ቅኔ አንዴ ከተዘረፈ አይደገምም። እኔ ዘራፊ ነበርሁ፣ አባትሽ አሳሪ። አሳሪው ከሄደ ምርኮው ቢያመልጥ ምን ይደንቃል?»

ሰዉ ፈገግ አለ። ደቀ መዝሙራቸው ግን ወደ የትናየት ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ መሪጌታ ዘንድሮ የጧቱን ለማታ እየረሱ መሆኑን ነገራት። ሌላ ሦስት ዓመት የላቸውም።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረገው ጣሃ ነበር። የኩልመስክ ሰው ነው፤ ሱቁ ከምናለ ሱቅ ፊት ለፊት። ሃያ ዓመት ደንበኛ ሲነጣጠቁ፣ ጧት ጧት ከመንገዱ ማዶና ማዶ ሲሰዳደቡ የኖሩ ወዳጆች ነበሩ። «ምናለ የጠገነው ማሽን እኔ ጋ ይመጣል!» ሲል ጣሃ፣ ምናለ ደግሞ «ጣሃ የጠገነው የትም አይመጣም፣ በዚያው ይቀበራል!» ይለው ነበር። የቀብሩ ዕለት ከቃሬዛው አንዱን ጫፍ ይዞ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድረስ ያደረሰው እሱ ነው። በሣልስቱ ማግስት ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ወስዶ በራሱ ኮምፒውተር ከፈተው። ፋይሉ አለ። ግን ምናለ ከሃያ ዓመት በፊት የለመደውን የአማርኛ መጻፊያ አልለቅም ብሎ ኖሮ፣ ያ ፕሮግራም ከዚህ ማሽን በቀር በየትም አይሠራም። መቶ አርባ ገጽ ቅኔ ጣሃ ስክሪን ላይ የወጣው መቶ አርባ ገጽ ባዶ ሣጥን ሆኖ ነው። ፊደሉን የሚያውቀው ይህ ማሽን ብቻ ነበር።

እናም ጣሃና የትናየት ሦስት ቀን ሠሩ። ሚሞሪውን አውጥተው ጥርሱን በላጲስ አሹ። የሳንቲም ያህሏን የባዮስ ባትሪ ለወጡ። ጣሃ ከሱቁ ሌላ ፓወር ሰፕላይ አምጥቶ ሰካ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ጥፍት።

«እንግዲህ» አለ ጣሃ ካቻቢቴውን አስቀምጦ፣ «ማዘርቦርዱ ሞቷል።» ቃሉ ካመለጠው በኋላ ደነገጠ። «ማለቴ… ተቃጥሏል። ይቅር በይኝ የኔ ልጅ። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ።»

የትናየት ካቻቢቴውን አነሣች። ያስታወሰችው ሌላ ነገር ነበር። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ከፍላቂት አንዲት አስተማሪ የማይነሣ ኮምፒውተር አምጥታ፣ አባቷ ቀኑን ሙሉ ሲታገል ዋለ። የትናየት ሰልችቷት «ለምን ባንዴ አታውቀውም?» ብላ ጠየቀችው። ምናለ የማሽኑን ገመዶች አንድ ባንድ እየነቀለ ሳቀ። «ማሽን እንደ ተጣላ ሰው ነው። ዘመዶቹ በከበቡት ጊዜ እውነቱን አያወጣም። ሁሉንም አርቂለት። ብቻውን ሲቀር ሹክ ይልሻል።» የአስተማሪዋ ማሽን የተነሣው ቁርጥራጩ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ከተበተነ በኋላ ነበር። ያን ቀን ምናለ ልጁን ተሸክሞ እየጨፈረ ወደ ቤት ገባ፤ እናቷ ብርቅዬም «ምን ተገኘ?» ስትለው፣ «እውነት!» አላት።

«ጋሼ ጣሃ» አለች የትናየት። «እስቲ ሁሉንም እናርቅ።»

ዲስኩን ነቀሉ። ከሁለቱ ሚሞሪ አንዱን አወጡ። ሲዲ ማጫወቻውን፣ የድምፅ ካርዱን፣ ኪቦርዱን፣ ማውሱን ነቀሉ። እንደገና ሞከሩት፤ ጠፋ። ጣሃ በቃ ብሎ ሊነሣ ሲል፣ የትናየት ጣቷን ከፊት ሽፋኑ ወደ ማዘርቦርዱ ጥግ በምትሄድ ቀጭን ጥንድ ሽቦ ላይ አሳረፈች።

«አንድ ዘመድ ቀርቶታል።»

«ያቺ የማብሪያው ቁልፍ ናት። እሷን ነቅለሽ በምን ታበሪዋለሽ?»

ሽቦዋን ነቀለች። ከሥሯ የቀሩትን ሁለት መርፌ መሰል ሹሎች በካቻቢቴው ጫፍ ለቅጽበት አገናኘቻቸው። ማራገቢያው እዝዝ አለ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት።

ጣሃ የትናየትን ክንዷን ጨበጠ። ስድስት። ሰባት። ማሽኑ አልጠፋም። «ዲስክ የለኝም» የሚል አቤቱታውን ጻፈና ቆመ።

«ወላሂ!» ብሎ ጮኸ ጣሃ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ወሬ ጸጥ አለ።

የትናየት የፊት ሽፋኑን ገንጥላ ቁልፉን ብርሃን ላይ ያዘችው። ወደ ውስጥ ተጭኖ በዚያው ተጣብቋል። ቁልፉን ተጭነው ከቆዩ ማሽኑ በአራት ሴኮንድ ይጠፋል፤ ይህ ምስኪን ስድስት ቀን ሙሉ አንድ ሰው ጣቱን ጭኖበት የተቀመጠ መስሎት ነው። ዙሪያውን ቢጫ ነገር ደርቆበታል። ጣሃ አሸተተው፤ ከዚያ በጥፍሩ ፍቆ ቀመሰው።

«ማር ነው።»

እናቷ ብርቅዬ ጩኸቱን ሰምታ ማቋን ለብሳ በማሚቱ ተደግፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ምን አላችሁ?»

«ማር ነው እማዬ።»

«ማር? ከሥራ ጠረጴዛ ላይ ማር አልቀምስም ብሎ በማርያም የማለልኝ? የሰው ኪቦርድ በማር አጣብቆ ያሰደበኝ ጊዜ?» ብርቅዬ ቁልፉን ተቀብላ አገላበጠች። ሁሉም ልታለቅስ ነው ብለው ሲጠብቁ፣ ከሆዷ የመነጨ ሳቅ ፈነዳባት። «ውሸታም! አንተ ውሸታም!» እያለች ሳቀች፣ እንባዋ እየወረደ፤ ማሚቱም፣ ጣሃም፣ የትናየትም አብረው።

መሪጌታው በደቀ መዝሙራቸው ተይዘው ከድንኳኑ ሲመጡ ነገሩን ሰሙ። አንገታቸውን ደፉ።

«እንግዲያ ገዳዩ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የአሸተንን ማር በጨርቅ ቋጥሬ የማመጣለት እኔው። ‹ለብርቅዬ እንዳትነግሩብኝ› ይለኝ ነበር፤ በጣቱ እየላሰ ይጽፋል።»

«መሪጌታ!» አለች ብርቅዬ።

«ንስሐ እገባለሁ» አሉ መሪጌታው፣ ጺማቸው ውስጥ እየሳቁ።

ዲስኩ ተመለሰ፤ ማሽኑ ተነሣ፤ አሮጌው መጻፊያ ተከፈተ። ፊደሉ ፊደል ሆኖ ወጣ። መሪጌታው አያዩምና የትናየት እየጮኸች ታነብላቸው ጀመር። የመጀመሪያውን ቅኔ ጨርሳ ቀጣዩን ስትጀምር ድምፅዋ ተሰናከለ።

«ምነው?»

«ከቅኔው ሥር የተጻፈ አለ… ‹እዚህ ላይ መሪጌታ አንቀላፉ። እኔም አብሬ።›»

ወደ ቀጣዩ ገጽ አለፈች። «‹ይህን ሲነግሩኝ በቅሏቸው ገመዷን በጥሳ የጣሃን ሱቅ ገባች። ጣሃ ደንበኛ መስላው ተቀበላት።›»

«ውሸት ነው!» አለ ጣሃ። ወዲያው «አይ፣ እውነት ነው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ስቆ ይሁን አልቅሶ ማንም አልጠየቀውም።

በየገጹ ነበር። የትናየት እንዲህ አለች፦ «ሲታተም እነዚህን አወጣቸዋለሁ መሪጌታ።»

«እንዳታደርጊው!» አሉ መሪጌታው በከዘራቸው ወለሉን መትተው። «እንዳለ ይታተም። ሐረግ ቢጎድል ይጉደል፤ ከሱ ግን አንዲት ቃል እንዳትጎድል።»

ሲመሻሽ መሪጌታው ወደ በቅሏቸው፣ ጣሃ ወደ ሱቁ፣ ማሚቱም ወደ ድንኳኑ ሄዱ። እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ።

«እማዬ፣ ላጥፋው?»

ብርቅዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጇን ዘርግታ መዳፏን በማሽኑ ጎን ላይ አኖረች። ቆርቆሮው ከውስጥ ለብ ብሏል።

«ተይው» አለች፣ እጇን ሳታነሣ። «ይሞቃል።»