ዹጋ

በመቱ አውራጃ ፍርድ ቤት ሰው በኦሮምኛ ያለቅሳል፣ መዝገቡ በአማርኛ ይጻፋል። ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው ባውቅ ልክ ልኩን እነግረው ነበር። እኔ ወልደ የሱስ እባላለሁ፤ ጠበቃ ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር ሸቀጥ ሊነግድ መጥቶ እዚሁ ስለቀረ፣ አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው።

በ1975 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ዲንቄ የምትባል ሴት ከሁሩሙ በእግሯ ቢሮዬ መጣች። ከመንደሯ በላይ የተተከለው የመንግሥት ቡና ማጠቢያ ገለፈቱንና የገማ እጣቢውን ጅረቱ ውስጥ ይለቃል። የመንደሩ ሰው ሌላ ውሃ የለውም። ልጇ ጅራታ በኅዳር በተቅማጥ ሞቷል፤ አሁን ደግሞ ጀርባዋ ላይ ያዘለቻት ጃለኔ ታማለች። ሁለት ጊዜ ብቻዋን ችሎት ቀርባ ነበር፤ ሁለቴም በቀጠሮ መልሰዋታል።

ወዳጆቼ "ተው፣ ፀረ አብዮት ትባላለህ!" አሉኝ። ፈራሁ፣ አልዋሽም። የጃለኔን የጎደጎዱ ዓይኖች ካየሁ በኋላ ግን ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ።

በችሎቱ ቀን የማጠቢያው ሥራ አስኪያጅ ኮቱን ቆልፎ ቆመና፣ "ውሃው ንጹሕ ነው። አቤቱታው የምርት ዘመቻውን ለማደናቀፍ የተፈበረከ ነው" አለ። ዓይኑን እንኳ አላሸም! ዲንቄ ከነጠላዋ ስር ጠርሙስ አወጣች። ውስጡ ያለው የጅረቱ ውሃ ጠቁሯል። ዳኞቹ ፊት አስቀመጠችና፣ "ዹጋ!" አለቻቸው።

አስተርጓሚው ባጫ ጉሮሮውን ጠረገ። "አቤቱታዬ እውነት ነው ትላለች።"

ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሣሁ። "ክቡር ፍርድ ቤት! 'ዹጋ' እውነትም ማለት ነው፣ ጠጡም ማለት ነው። ጠርሙስ አቅርባ እኮ ነው የተናገረችው! ጠጡ ነው ያለችው፤ ያውም በአክብሮት፣ በአንቱታ!"

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። መሐል ዳኛው አልሳቁም። ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱና ፊታቸውን አዙረው ወደ ሥራ አስኪያጁ ገፉት። "ንጹሕ ነው ካሉ ይቅመሱልን።"

"እኔማ… ለሠራተኞቹም እንኳ የሚጠጣውን ከመቱ በቦቴ ነው የምናስመጣው" አለ። ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ።

"ይመዝገብልኝ!" ብዬ ጮኽኩ።

ተመዘገበ። ለፍሳሹ ጉድጓድ እስኪቆፈር ድረስ አንዲት ጠብታ ወደ ጅረቱ እንዳትለቀቅ ዳኞቹ አዘዙ።

ባጫ ኮሪደሩ ላይ ተከተለኝ። "ጋሼ፣ 'ይህን ጠጡ' አለች ብዬ ዳኛ ፊት ብናገር ማን ያድነኝ ነበር?"

የትእዛዙን ግልባጭ ልወስድ ወደ መዝገብ ቤት ገባሁ፤ ዲንቄም ተከተለችኝ። መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩ። በኅዳር፦ "አቤቱታዬ እውነት ነው አለች።" በጥቅምት፦ "አቤቱታዬ እውነት ነው አለች።" ደሜ ፈላ።

"ዲንቄ፣ በእነዚያ ቀጠሮዎችም ውሃውን ይዘሽ ነበር?"

"ሁለቴም ጠጡ ብያቸዋለሁ" አለች ጃለኔን ጀርባዋ ላይ እያስተካከለች። "በጥቅምቱማ ጠርሙሱን የያዘልኝ ጅራታ ነው።"