የማይቆመው ካሜራ

አባቷ ከቤት ጠፍተው መውጣታቸውን የሰማችው ሥራ ገብታ ኮምፒውተሯን ገና እንደከፈተች ነው። የደወለላት ታናሽ ወንድሟ ነበር።

«እታለም፣ አባባ የሉም።»

«የሉም ማለት?»

«ሻወር ገብቼ ስወጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰፈሩን ዞሬ ጨረስኩት። መርፌያቸውንም አልተወጉም።»

አባትየው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ካለፈው ዓመት ወዲህ መርሳት ጀምረዋል፤ መጀመሪያ ቁልፋቸውን፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ አሁን አሁን ደግሞ የገዛ ቤታቸውን። በዚያ ላይ ስኳር አለባቸው። መርፌያቸውን ሳይወጉ ከዋሉ ራሳቸውን ሊስቱ እንደሚችሉ ሐኪማቸው ደጋግሞ አስጠንቅቋል።

እሷ የምትሠራው አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ፣ ግራፊክስ ክፍል ነው። በሩጫ የዜና አለቃው ቢሮ ገባች። አለቃው ነገሩን እስክትጨርስ እንኳን አልጠበቃትም።

«ወንድምሽ ለፖሊስ ያመልክት። አንቺ አፋልጉኙን ሥሪ፣ በቀትር ዜና እናስገባዋለን። ከዜና በፊት ግን እጄ ላይ ይድረስ።»

ጣቢያው ለአፋልጉኝ ማስታወቂያ የሚጠቀምበት ቴምፕሌት አለው፤ ፎቶውና ጽሑፉ ብቻ እየተቀየረ የሚሠራበት ዝግጁ ቅርጽ ነው። ያዘጋጀው ባልደረባ ሥራ ለቅቆ ከሄደ ቆይቷል። የአባቷን ፎቶ አስገባች፤ ስማቸውን፣ የለበሱትን ቡናማ ሹራብና የወንድሟን ስልክ ቁጥር ጻፈች። ከዚያ አጫወተችው።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ያለው፣ ተመልካቹ የሚያይበት ምናባዊ ካሜራ ከሩቅ ተወርውሮ መጣ። በአባቷ ግንባር አጠገብ ሽው ብሎ አለፈ፣ ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ ጽሑፉን እየዞረ ቃኘው፣ ቁጥሩ ጋ ሲደርስ ተንቀጥቅጦ ሾልኮ ወጣ። ደግማ አየችው። ፊታቸው ለአፍታ፣ ቁጥሩ ለአፍታ። ሁለቱ አንድ ላይ የሚታዩበት ቅጽበት የለም። በዚሁ ቴምፕሌት የስንቱን ሰው ልጅና እናት አሳልፋለች፤ እስከ ዛሬ ግን ስታየው «ያምራል» ከማለት በቀር ቁጥሩን ለመያዝ ሞክራ አታውቅም። ካሜራውን ልታቆመው ሞከረች፤ እንቢ አላት።

የድምፅ ባለሙያው በሩ ላይ ብቅ አለ። ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል፣ ሹክሹክታ ስለማያመልጠው።

«ሰማሁ። ምን ላግዝሽ?»

«ይሄ ካሜራ አልቆም አለኝ።»

«ታዲያ አጥፊው!»

ካሜራውን አጠፋችው። ፎቶው ወደ ጥግ ተወረወረ፣ ስማቸው ተገለበጠ፣ ቁጥሩ ከስክሪኑ ወጣ። ቴምፕሌቱ እንደ እውነተኛ ክፍል ነው የተሠራው፤ አንዱ ዕቃ ፊት፣ ሌላው ኋላ፣ ሌላው ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። ሁሉንም በወጉ የሚያሳያቸው ካሜራው ነው።

«ወይኔ!» አለ ጆሮ። «ምክሬን መልሺልኝ።»

ካሜራውን መለሰችው። አሁን እንቅስቃሴውን የሚያዙትን ነጥቦች አንድ በአንድ መሰረዝ ጀመረች። ስልኳ ጮኸ፤ ወንድሟ እያለከለከ ነው።

«ድልድዩ ጋ አንድ ሽማግሌ አይተናል አሉኝ፤ ወደዚያው እየሮጥኩ ነው።»

«ምን ለብሰዋል አሉህ?»

ስልኩ ተቋረጠ። ማስታወቂያውን ደግማ አጫወተችው። ካሜራው አሁንም ይንሳፈፋል፣ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ነጥብ የሚባል የለበትም፤ ግን ይሄዳል።

«የት ደረሰ?» አለ የዜና አለቃው በውስጥ ስልክ።

«ትንሽ ቀረኝ።»

ምን እንደቀራት ግን አታውቅም። ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች። ካሜራው በራሱ ካልሄደ የሚጎትተው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ከዕይታ የተደበቁትን በሙሉ ገለጠቻቸው። ከታች በኩል አንድ የማይታይ መቆጣጠሪያ አገኘች፤ ካሜራው እንደ ተጎታች መኪና ከኋላው ተቀጥሎ፣ ማንም እንዳይነካው ተቆልፎ። ቁልፉን ከፈተች፣ ነጥቦቹን ሰረዘች፣ እንዲንቀጠቀጥ የሚያዘውን መስመርም አጠፋች።

ካሜራው ቀጥ አለ።

ቀጥ ያለው ግን እጅግ ሩቅ ነው። አባቷ ጉንዳን አክለዋል። መቆጣጠሪያውን ወደፊት ገፋችው፤ ፊታቸው ስክሪኑን ሞላ፣ ቁጥሩ ከዕይታ ወጣ። ጥቂት ወደኋላ መለሰችውና ቁጥሩን አንስታ ከአገጫቸው ሥር አመጣችው። ቁጥሩ ደግሞ ደብዝዟል፤ ካሜራው ፎቶው ላይ ስላነጣጠረ ሌላውን ያፈዘዋል። ማፍዘዣውን ዘጋችው። አሁን ግንባራቸው ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር ይታያል።

የዜና አለቃው መጠበቅ አቅቶት ራሱ መጥቶ ከኋላዋ ቆሟል።

«ምነው ገደልሽው? የጣቢያው መልክ እኮ እንዲህ አይደለም።»

«መልኩ ያው ነው። ሰው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ቁጥሩን እስኪመታ ድረስ ግን ይጠብቀው።»

«ሌላው እየበረረ ይሄ ብቻ ሲገተር...»

«አባቴ ናቸው፣ ጋሼ!»

አለቃው ስክሪኑን አየ፣ በከንፈሩ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው አነበበው። «ላኪው» አለ።

ማስታወቂያው ሲተላለፍ ተቀምጣ ማየት አልቻለችም፤ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ወዲያው ወንድሟ ጋ ደወለች፤ ተይዟል። ደገመች፤ አሁንም ተይዟል። ጆሮ ወንበር ሲያቀርብላት እንኳ አላየችውም። በመጨረሻ ወንድሟ ራሱ ደወለ።

«የድልድዩ ሰውዬ እሳቸው አይደሉም» አለ፤ ድምፁ ተሰባብሯል። «ግን አንድ ፀጉር ቤት አሉ! ከጠዋት ጀምሮ ወረፋ ይዘው ተቀምጠዋል። ባለቤቱ ቴሌቪዥን ላይ አይቷቸው ነው።»

መርፌውን ወንድሟ ይዞ፣ እሷ ከጣቢያው በታክሲ፣ እኩል ደረሱ። ፀጉር ቆራጩ በሩ ላይ ጠበቃቸው።

«ተራዎ ደርሷል ባልኳቸው ቁጥር ‹እኔ አልቸኩልም፣ ሌላው ይቅደም› ይላሉ። ጨዋ ሰው መስለውኝ እኮ ነው! ኋላ ግን ውሃ አሁንም አሁንም ሲጠይቁኝ ሰጋሁ። ፎቷቸው ሲመጣ ቁጥሩን እያየሁ መታሁት።»

አባትየው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ገርጥተዋል፣ ግን ነቅተዋል። ወንድሟ ተንበርክኮ ስኳራቸውን ለካ፣ መርፌውን ወጋቸው፤ ሁሉን ጨርሶ ወደ ደጅ ወጣና እዚያ አለቀሰ። እሷ አጠገባቸው ተቀመጠች። ረዘም አድርገው አዩዋት።

«አንቺም ተራ እየጠበቅሽ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ቅደሚኝ» አሉና መቀመጫቸውን ጠጋ አደረጉላት።