ሰማያዊው ባልዲ

ሆት ዶግ በልቻለሁ፤ አልክድም። በምሠራበት መጋዘን ምሳ ክፍል ውስጥ ቀርቦ አገኘሁት፣ ርቦኝ ነበር፣ ጎረስኩ። የአሳማ ሥጋ መሆኑን ያወቅሁት ሁለተኛውን ስጨርስ ነው። አብሮኝ የሚሠራው አለልኝ ግን ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ ያውቅ ነበር። ዝም ብሎ አየኝና ለጽዋ ማኅበራችን ተናገረብኝ፣ ያውም ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ “በሪሁን” ብሎ ስሜን ጠርቶ። ስግደት ታዘዘብኝ። በዚያ ላይ ለሦስት ወር ጠላ ቀጂ ሆንኩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አለልኝ ከዚያ ወዲህ መልአክ ለመሆን ክንፍ ብቻ ነው የቀረው። የልጆቻችንን ከረሜላ ሳይቀር እያገላበጠ “ጀላቲን አለው፤ ከአሳማ ነው የሚሠራው” ይላል። የቸኮለበትን ሁላችንም እናውቃለን፤ የማኅበሩ መሪ፣ እኛ ሙሴ የምንለው፣ ሊመረጥ ነው። ምርጫው ደግሞ እሱው ቤት፣ እዚህ ሚኒሶታ አፕል ቫሊ፣ ቅዳሜ በሚደረገው ድግስ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ቄሱ ባረኩ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ እኔም ጠላ ላመጣ ጋራዥ ገባሁ። ነጭ ባልዲና ሰማያዊ ባልዲ አሉ። ሰማያዊውን ስከፍተው የጌሾው ሽታ አወደኝ። አጥልዬ ለሁሉም ቀዳሁ።

አንድ ዙር ሳይሞላ ቤቱ በምስጋና ተንጫጫ። የሰው ጠላ አመስግና የማታውቀው ማሚት እንኳ፣ “ሚኒሶታ ከመጣሁ እንዲህ ያለ አልቀመስኩም! እጅህ ይባረክ አለልኝ!” አለች።

አለልኝ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠጋና ፊቱ አመድ መሰለ። እጅጌዬን ይዞ ወደ ኪችን ጎተተኝ።

“ከየትኛው ባልዲ ነው የቀዳኸው?”

“ከሰማያዊው።”

“የእንግዶቹ ጠላ ነጩ ውስጥ ነው፤ እሱ እኮ የአሳማ ነው!” አለኝ በሹክሹክታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱፐርቫይዘራችን በየዓመቱ ቴክሳስ ወርዶ የዱር አሳማ ያድናል። አሳማዎቹን የሚያታልለው በጎመዘዘ በቆሎ ነው። አለልኝ መጋዘኑ ውስጥ ሹመት ፈልጎ፣ ዘንድሮ አብሮ ሊሄድ፣ በቆሎውንም ሊያዘጋጅ ቃል ገብቷል። በቆሎውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ መተው ይበቃው ነበር። የጠላ ጠማቂ ልጅ ነውና እጁ እምቢ አለው፤ በቆሎውን አሻሮ ቆላ፣ ብቅል ጨመረ፣ ጌሾ ጨመረ። ለአሳማ!

እንዴት ደስ አለኝ! ሳቄን አፍኜ፣ “ንገራቸዋ፤ አብረን እንሰግዳለን” አልኩት።

“አብደሃል? ዛሬ እኮ ነው ቮት የሚያደርጉት! ሆት ዶግ የበላህ አንተን እንኳን...” አለና ዋጠው።

“እንግዲያው ዝም በልና አትጠጣ።”

“እሱስ፣ ጠብታ አልቀምስም!”

ሱፐርቫይዘሩ በምሳ ሰዓት የሚለው ትዝ አለኝ። በቆሎው ሲፈስ ግልገሎቹ ሮጠው ይገባሉ። ትልቁ ከርከሮ ግን አይቸኩልም። ይዞራል፣ ያሸታል፣ ሌሎቹ ሲበሉ ያያል። የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ግን ይመጣል።

ሳሎን እልልታ ቀለጠ። እኛ ኪችን ስንንሾካሾክ ምርጫው አልቋል። “ሙሴያችን የት ገባ? እንዲህ የሚጠምቅ ሰው እያለ ማንን እንመርጣለን?” ይላሉ። አለልኝ ሲገባ ሁሉም ቆሞ አጨበጨበ። ቄሱ ከዚያው ጠላ የተሞላውን ጽዋ በእጃቸው ሰጡትና፣ “በል፣ ቃል የምትገባበት ነው፤ ጠጣ” አሉት።

አለልኝ አሸተተው። በሩን አየ፣ ቄሱን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ጭልጥ አደረገው።

“ልድገምህ?” አልኩት።

ጽዋውን ዘረጋልኝ።