የጋሽ ሚሊ ፕላን

«ፀሐዩ ያጥቁረዋ! የኔ ከሆነ ይጠቁራል!»

ብረት ሠሪው እንዲህ እያለ የአሥራ አንድ ቀን ሕፃኑን ልብሱን ገፎ ግቢው መሃል ባለው የሥራ ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። ረፋድ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሕፃኑ ቆዳው ነጭ፣ ፀጉሩ ነጭ፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጭ ነው። ከተወለደ ጀምሮ አባቱ አንድ ቀን አቅፎት አያውቅም።

እናትየው ቤቱ ደጃፍ ላይ ተደፍታለች። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ በአገጯ ይወርዳል። የባሏ ጥፊ ነው፤ ከጥፊው በፊትም ሁለት እርግጫ ቀምሳለች። ነገሩን የቆሰቆሰው ጠዋት በር ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ነው። ሕፃኑን አየና «ወንድሜ፣ ይሄን ቀለም ሳትቀባው ነው እንዴ የለቀቅከው?» ብሎ ቀለደ። አንዳንድ ሰው አፉን ሲከፍት የሰው ቤት እንደሚያፈርስ አይታየውም። ቀልዶ፣ ስቆ፣ መንገዱን ሄደ።

ብረት ሠሪውን ሠፈሩ ጋሽ ሚሊ ይለዋል። በሥራ ላይ አንዲት ሚሊ ሜትር ከተሳተች ደሙ ይፈላል። ደብተር ከእጇ የማይጠፋ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ልጁን ደግሞ እሱ ራሱ ፕሮፌሰር ብሎ ሰይሟታል። ፕሮፌሰር ዛሬ ቤት የቀረችው ለባዮሎጂ ፈተና ልታጠና ነበር።

ወንድሟን ልታነሳ ሮጠች። አባቷ በያዘው የቧንቧ ቁራጭ ትከሻዋን ሲላት ክንዷ ደነዘዘና በጉልበቷ ወደቀች።

«የማን እንደሆነ ትናገር፣ አነሳዋለሁ! ስሙን ብቻ!»

«ምን ስም ልንገርህ?» አለች እናትየው። «ካንተ ሌላ ማን አለኝ?»

ሕፃኑ እሪ ይላል። ደረቱ መቅላት ጀምሯል። ፕሮፌሰር ፈራች፤ እንዲህ ያለ ቆዳ ፀሐይ ላይ ብዙ እንደማይቆይ ታውቃለች። ልመና አባቷ ዘንድ ዋጋ እንደሌለውም ታውቃለች። አባቷ የሚሰማው ልክ ብቻ ነው። ተነሥታ ወደ ሥራ ቤቱ ሮጠች፤ ዋናዎቹ የበር ፕላኖች ከሚቀመጡበት የብረት ሳጥን አንዱን ጥቅል መዥርጣ አወጣችና ግቢው ውስጥ ዘርግታ ቆመችበት።

«ፕላኔን!» አለ ጋሽ ሚሊ። ቧንቧውን አነሣ፤ ግን እግሯ ሥር ያለው ወረቀት እንዳይቀደድ ሳስቶ አልመታትም። ለልጁ ትከሻ ያልሳሳ ሰው!

«አባዬ፣ ዋናው ፕላን ከሳጥኑ ይወጣል?»

«አይወጣም! ውረጂ!»

«ሠራተኛህ በያጁ ታዲያ በምን ይሠራል?»

«በግልባጭ ነዋ!»

«ሰውነታችንም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ሴል ውስጥ ኒውክለስ የሚባል ሳጥን አለ። ዲ ኤን ኤ ዋናው ፕላን ነው፤ ከዚያ አይወጣም። የሚወጣው ግልባጩ ነው፣ አር ኤን ኤ የሚሉት። ውጭ ራይቦዞም የሚባል ሠራተኛ ግልባጩን ሦስት ሦስት ፊደል እያነበበ፣ በየሦስቱ አንድ አሚኖ አሲድ ይቀጥላል። የተቀጣጠለው ተጠማዝዞ ፕሮቲን ይሆናል። የቆዳችንን ቀለም የሚያሠራው አንድ ፕሮቲን ነው። ፕላኑ ላይ አንዲት ፊደል ከተሳተች ያ ፕሮቲን አይሠራም። ዓመት ብታሰጣው ይቃጠላል እንጂ አይጠቁርም!»

«እና ፕላኑን ያበላሸችው እሷ ናታ!»

«እሷ ብቻዋን አትችልም። ሁላችንም ሁለት ሁለት ፕላን አለን፣ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዱ ደህና ከሆነ ቀለሙ ይሠራል፤ አንተም እሷም ለዚያ ነው የጠቆራችሁት። እሱ ግን የደረሰው ከሁለታችሁም የተሳተው ነው። ነጭ ሰው እዚህ ቤት አልገባም፣ አባዬ! ግማሹ ስህተት ካንተ ነው!»

«የኔ ፕላን ስህተት የለበትም!»

«ጋሼ፣ ያኔም እንዲሁ ነበር ያሉት።»

የተናገረው በያጁ ነው፤ የፊት መከላከያውን ወደ አናቱ ገፍቶ ሥራ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ሁለት የፊት ጥርስ የለውም። ከሦስት ዓመት በፊት የሠራቸው ሦስት በሮች አልገጥም ሲሉ ጋሽ ሚሊ በመዶሻ እጀታ ነው ያረገፈለት። በያጁ ደሙን እየተፋ «ዋናው ይታይ» አለ። ሲታይ ግልባጩ ትክክል ነበር፤ የማጠፊያው ልክ የተሳተው ዋናው ላይ፣ በጋሽ ሚሊ በራሱ እጅ ነበር። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። ደንበኛ ከመለሳቸው በሮች አንዱን ጋሽ ሚሊ የራሱ ግቢ በር አድርጎ ተከለው፤ እስከ ዛሬም አይዘጋም፣ ማታ ማታ በሽቦ ይታሰራል።

ጋሽ ሚሊ ዞሮ ቧንቧውን በበያጁ አናት ላይ ሰነዘረ። በያጁ ግን የዛሬውን አልታገሠም። ቧንቧውን አየር ላይ ቀለበው፣ ጠመዘዘው፤ የጋሽ ሚሊ የእጅ አንጓ ቀጭ ሲል ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ ሰማ። ቧንቧው ወደቀ።

እናትየው ይህን ጊዜ ጠረጴዛው ጋ ደርሳለች። ሕፃኑን አንሥታ በሻርፗ ሸፈነችው። ትከሻውና ደረቱ ቀልቶ ተቆጥቷል።

ጋሽ ሚሊ የተሰበረ እጁን አቅፎ ፕላኑ ላይ ተንበረከከ። «ፊደሏ… የቷ ናት?» አለ ፕሮፌሰርን ቀና ብሎ እያየ። «ቦታዋን አሳዪኝ፣ አርማታለሁ።»

ፕሮፌሰር አለቀሰች። ከዱላው ይልቅ ይሄ አንጀቷን በላው።

«እሷን አንተ አታርማትም፣ አባዬ። እሱ የሚያስፈልገው ጥላ ነበር።»

እናትየው ወደ ግቢው በር ማምራቷን ሲያይ ጋሽ ሚሊ ቱግ አለ። ብድግ ብሎ ቀደማትና በደህና እጁ በሩን ሊዘጋው ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረው።

«የትም አትሄጂም!»

በሩ ከጉበኑ ጋር ተላትሞ፣ ሦስት ዓመት እንደለመደው፣ ተመልሶ ተከፈተ። እናትየው የልጇን ፊት ከለል አድርጋ ወጣች፤ ፕሮፌሰርም ተከተለቻት።