የዱቄቱ መስመር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚመርጥ ሰው የለም። አባወራው፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ፣ የሶፋው ግራ ጫፍ ላይ ነው፤ ቀኝ እግሩ ትራስ ላይ፣ ግራው መሬት ላይ። አንድ ቀን እንደዚያ ተቀምጦ ኳስ ሲያይ ቡድኑ ሦስት ለዜሮ ስላሸነፈ በቃ እንደዚያው ቀረ። የእህቱ ባል፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሶፋው ሰፊ ሆኖ ሳለ በርጩማ ላይ ነው የሚቀመጠው። ወገቡን ያመዋል፤ ግን ዋንጫ የበላንበት በርጩማ ነው ይላል፣ ራሱ የተጫወተ ይመስል። ትንሿ ልጅ ምንጣፉ ላይ ሆና ሪሞቱን ትይዛለች። መያዝ ብቻ። መጫን ክልክል ነው።

የሹፌሩ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ ጋ ነች። የእሷ ነገር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቡድኑ የማዕዘን ምት አግኝቶ እሷ የአንዲት ተማሪ ቀሚስ ጠርዝ ስትቀመቅም ጎል ገባ። ከዚያ ወዲህ የማዕዘን ምት በተገኘ ቁጥር ባሏ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «መኪናዋን» ይላል፤ እሷም የሚሰፋ ኖረም አልኖረም ፔዳሉን ትረግጣለች። መጀመሪያ ስቃ ነበር፣ ቀጥሎ ተናዳ፣ አሁን ግን እግሯ ከእሷ ቀድሞ ይረግጣል። ለሰው ብትናገረው ታፍራለች እንጂ፣ በልቧ ትንሽ አምናበትም ነበር።

አባባ፣ የሹፌሩ አባት፣ በሩ አጠገብ ክንድ ማስደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፈሩ ሜዳ ጠባቂ ነበሩ። ሣሩን ያጭዱ፣ መረቡን ይጠግኑ፣ ቅዳሜ ጠዋት በኖራ መስመሩን ያሰምሩ ነበር፤ ያለ ገመድ፣ በዓይናቸው ብቻ። ሰፊዋ እንኳን፣ ቀጥ ያለ መስመር እንጀራዋ የሆነች ሴት፣ እንደ እሳቸው ቀጥ አድርጎ የሚሄድ እጅ አላየችም። አሁን አባባ አእምሯቸው ይሄድና ይመጣል። ሜዳውም የለም። ሕንፃ ሊሠራበት ነው ተብሎ ተቆፍሮ፣ ቆፋሪዎቹ የት እንደገቡ ሳይታወቅ ክረምቱ ገባና ጉድጓዱ ውሃ ሞላ። ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ግን በአንድ በኩል ቆርቆሮው ተገንጥሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሲያጨበጭብ ይሰማል። ሰፊዋ ያንን ድምፅ አትወደውም።

ባለፈው ወር አባባ ጠፍተው አውቶቡስ ተራ ተገኝተው ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ያን ጊዜ ለሰፊዋ ነግራታለች፤ ለአንድ አፍታም ከዓይናችሁ እንዳይጠፉ፣ ከቤት ሲወጡ የት እንደሚሄዱ እሳቸው ያውቁታል፣ እንዴት እንደሚመለሱ ነው የማያውቁት ብላ። ከነርሷ ምክር በላይ የጠቀማቸው ግን ውሻው ነው። ስሙ ዳኛ ይባላል። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጥቁር ስለሆነ፣ አባባ በደህናው ጊዜ እንደ ድሮ ዳኞች ለብሶ መጣ ብለው ያወጡለት ስም ነው። አባባ ሲቀመጡ እግራቸው ላይ ይተኛል፣ ሲነሱ ይነሳል፣ ወደ በሩ ካቀኑ ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል።

ከቅዳሜ በስተቀር። ቅዳሜ ዳኛ ደጅ፣ የውጭው በር ጋ ይታሰራል። ምክንያቱም አንድ ጊዜ ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ተነስቶ ሰውነቱን አራገፈ፤ እዚያው ላይ ጎል ገባባቸው። ሰፊዋ ባለፈው ሳምንት፣ ውሻው እኮ የአባባ ጠባቂ ነው ብላ ነበር። ባሏም ዘጠና ደቂቃ ናት፣ አራታችን እያለን የት ይሄዳሉ አላት።

የዚያን ቅዳሜ ጨዋታው የሚካሄድበት ከተማ ዝናብ ነበር። ተጫዋቾቹ ጭቃ ለጭቃ ይንከባለላሉ፤ ሰባኛው ደቂቃ ላይ ባዶ ለባዶ ናቸው። ሹፌሩ ጥፍሩን እየበላ ነው። አባባ ወንበራቸው ላይ ወደፊት ዘንበል ብለው ስክሪኑን ሲመረምሩ ቆዩና፣

«መስመሩ ጠፍቷል» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ የሜዳው ጠርዝ ነጩ ከጭቃው ጋር ተቀላቅሏል። ፀጉር አስተካካዩ፣ ምላሱ ከመቀሱ የፈጠነ ሰው፣ ዞር ሳይል፣

«እንግዲያው አባባ ይሂዱና ያስምሩላቸዋ» አለ።

ሁሉም ሳቁ፤ ሰፊዋም ሳቀች። አባባ ግን አልሳቁም። ፀጉር አስተካካዩን ሥራ እንደታዘዘ ሰው በትኩረት አዩት፤ «እሺ» አሉና የወንበሩን ክንድ ተደግፈው ተነሱ። ወደ ወጥ ቤቱ በኩል ሄዱ። ሰፊዋ ውሃ ጠምቷቸው ይሆናል ብላ ልትከተላቸው ወንበሯን ወደኋላ ገፋች።

ያኔ ጎል ገባ።

ሹፌሩ ጮኸ፣ ፀጉር አስተካካዩ በርጩማውን አቀፈው፣ ልጅቷ ሪሞቱን ወደ ላይ ወርውራ ቀለበችው። ጩኸቱ ሲበርድ ሹፌሩ እጁን ዘርግቶ ሁሉንም ባሉበት አስቆመ።

«ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ። አባባ እንደተነሱ ነው የገባው። አትጥሯቸው።»

«ብቻቸውን ናቸው እኮ» አለች ሰፊዋ።

«ጓሮ ናቸው። ሃያ ደቂቃ ነው፤ የት ይደርሳሉ?»

ሰፊዋ ተቀመጠች። በኋላ ነገሩን ስታስበው የሚያንገበግባት ይሄ ነው፤ ማንም በገመድ አላሰራትም። በገዛ እግሯ ነው የተቀመጠችው።

ቡድኑ በላይ በላዩ የማዕዘን ምት አገኘ። «መኪናዋን»፤ ረገጠች። «መኪናዋን»፤ ረገጠች። መርፌው ባዶ ጨርቅ እየወጋ፣ መኪናው ክፍሉን በድምፅ ሞላው። በዚያ መሃል ዳኛ ደጅ ሲጮህ ሰማች። የወትሮው ጩኸት አልነበረም፤ ረጅም፣ እየቀጠነ የሚሄድ ነበር። የበሩ ማጠፊያም ያቃሰተ መሰላት፤ ግን ያን ጊዜ ሦስተኛው የማዕዘን ምት መጣና መኪናው ሁሉንም ዋጠው።

መኪናው ሲቆም ጩኸቱም ቆሟል።

ፀጉር አስተካካዩ፣ ዳኛው የእረፍት ፊሽካ ነፋ ብሎ ቀለደ። የሳቀለት የለም። ልጅቷ አንገቷን ወደ በሩ አዙራ፣ ዳኛ ለምን ዝም አለ ስትል ጠየቀች። ዝም ብሎ ነዋ፣ አላት አባቷ።

ሰፊዋ ወደ ወጥ ቤቱ ጆሮዋን ጣለች። የቧንቧ ድምፅ የለም። የአባባ ጫማ ኮቴ የለም። ሳላቸው እንኳን የለም፤ አባባ ደግሞ አምስት ደቂቃ ሳይስሉ የሚቆዩ ሰው አይደሉም። ሰዓቱን አየች፤ ከተነሱ አሥራ አራት ደቂቃ ሆኗቸዋል።

«መኪናዋን» አለ ባሏ።

እግሯ ሊረግጥ ተነሳና አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ብድግ አለች።

«አንቺ ሴትዮ!»

«ጎል ከገባባችሁ በእኔ አሳብቡ» ብላ ወጣች።

ወጥ ቤት ውስጥ የዱቄቱ ጣሳ ክዳን መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ወድቆ አይደለም፣ ተቀምጦ። ጣሳው የለም። በወጥ ቤቱ በር ወጥታ ቤቱን ዞረች። የውጭው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የዳኛ ሰንሰለት አልተበጠሰም፤ መቆለፊያው በሰው እጅ በሥርዓት ተፈቷል። ከበሩ ደፍ ጀምሮ ደግሞ፣ ስንዝር የሚሆን ስፋት ያለው ነጭ መስመር በመንገዱ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ዱቄት ነበር። ትንሽ እንኳን አልተወላገደም። በማስመሪያ የተሰመረ ጨርቅ ይመስላል። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ሁሉም ቤቱ ሆኖ ያንኑ ጨዋታ ያያል። ሰፊዋ በመስመሩ ጎን ስትሮጥ የጨዋታው አስተላላፊ ድምፅ ከመስኮት ወደ መስኮት እየተቀባበለ ተከተላት። ማንንም ልትጠራ አልቻለችም፤ ብትጠራስ ማን ከቦታው ይነሳል? ካፊያ ጀመረ። ጠብታው ዱቄቱ ላይ ሲያርፍ ትናንሽ ጉድጓድ ያወጣል። መስመሩ ከሱቁ አለፈ፣ ከዳቦ ቤቱ አለፈ፣ ከዚያ አንዴ ልክ እንደ ሸሚዝ ኪስ ማዕዘን ታጠፈ። ወዴት እንደሚሄድ ያኔ ገባት። ቆርቆሮው ሲያጨበጭብ ተሰማት።

መስመሩ በተገነጠለው ቆርቆሮ ሥር ገብቷል። እሷም ጎንበስ ብላ ገባች። መጀመሪያ ያየችው ውሃውን ነው፤ ቡናማ፣ ጭጭ ያለ። ቀጥሎ የዱቄት ጣሳዋን አየች፤ ውሃው መሃል በጎኑ ተኝቶ ይንሳፈፋል።

አባባ ጠርዙ ላይ ቆመዋል። የጫማቸው ግማሽ አየር ላይ ነው። ከኋላቸው ዳኛ የኮታቸውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፣ የኋላ እግሮቹን ጭቃው ውስጥ ተክሎ፣ ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ ወደኋላ ይስባል። ጭቃው እየከዳው በእግሮቹ ሥር ሁለት ቦይ ወጥቷል። ዝም ያለው ለዚህ ነው። አፉ ሥራ ላይ ነበር።

ሰፊዋ ትንፋሿን ዋጠች። ብትጮህ ይደነግጣሉ። ለስለስ ባለ ድምፅ፣

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ማዕዘኑ እዚያ ጋ ነው» አሉ፣ በጣታቸው ከውሃው በላይ ባዶውን እያሳዩ። «ኖራውን ጣልኩት ልጄ። ላነሳው ነው።»

«ፊሽካው እኮ ተነፋ አባባ። ጨዋታው አልቋል።»

«ሳላሰምር?»

በዚያች ቅጽበት ከሰፈሩ ቤቶች ሁሉ አንድ ላይ ኡኡታ ተነሳ። አባባ ወደ ድምፁ ዞር ሲሉ እግራቸው ተንሸራተተ። ሰፊዋ ዘላ ክንዳቸውን ያዘች፣ ዳኛ ኮቱን አልለቀቀም፣ ሦስቱም ወደኋላ ጭቃው ላይ ወደቁ። ከእግራቸው ሥር አንድ ትልቅ ጓል አፈር ተገንጥሎ ውሃው ውስጥ ሲገባ ሰሙት። ድምፁ ወፍራም ነበር።

ቤት ሲደርሱ ሹፌሩ በር ላይ ቆሟል። በመጨረሻው ደቂቃ ጎል ገብቶባቸው አቻ ሆነዋል። «ብዬሽ ነበር፣ ገና እንደተነሳሽ...» ብሎ ጀመረና የሦስቱን ጭቃ ሲያይ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ሰፊዋ አባባን ለፀጉር አስተካካዩ አስረክባ፣ ባሏን በእጅጌው ይዛ «ና» አለችው።

በመስመሩ ላይ አስኬደችው። ዝናቡ ዱቄቱን ሊጥ ማድረግ ጀምሯል፤ ጫማው ሥር እየተጣበቀ ይሄዳል። ጠርዙ ጋ ሲደርሱ ቁጢጥ ብሎ የውሻው እግር ያወጣውን ቦይ አየ። ከቦዩ መጨረሻ እስከ ጉድጓዱ አፍ መዳፉን ዘርግቶ ለካው። አንድ ስንዝር አይሞላም። ሲነሳ እጁን አልጠረገም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ዳኛ ቤት ውስጥ፣ አባባ እግር ላይ ተኝቷል። ፀጉር አስተካካዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ቀልድ አላመጣም። ሹፌሩ መሬት ላይ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ከዚያ ሆኖ ቴሌቪዥኑ በጎን ነው የሚታየው። ዱቄቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ሰፊዋ አንገት ላይ ነው። የማዕዘን ምት ተገኘ፣ «መኪናዋን» ያለ የለም። ሁለት ለዜሮ ተሸነፉ። ልጅቷ ሪሞቱን ተጭና ዘጋችው፤ ማንም አልተቆጣም።

ዝም ባለው ክፍል ውስጥ አባባ ወደ ሰፊዋ ዘንበል አሉ። ፊታቸው ሰላም ነው፤ እንደዚያ ዘመን ቅዳሜ ጠዋት።

«ልጄ፣ የተሰመረው አንዱ ወገን ብቻ ነው። ያኛው ይቀራል።»

«እሺ አባባ» አለች፣ ነገሩን ለማሳለፍ። የጀመረችውን ሱሪ ልታሰምር እጇን ወደ መኪናው ጠረጴዛ ሰደደች። ጠዋት ያስቀመጠችው ነጭ የጨርቅ ጠመኔ ቦታው የለም። ከጨርቁ ሥር ፈለገች፣ መሳቢያውን ከፈተች፣ መሬቱን አየች።

ከዚያ ዳኛን አየችው። ውሻው ራሱን ቀና አድርጎ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ፣ የአባባን የኮት ኪስ ይመለከታል።