ያልቀለጠ በረዶ

የጤና ኬላዋ ባለሙያ ምሥራቅ የተረፈውን የክትባት ብልቃጥ ወደ መስኮቱ አንስታ ነቀነቀችውና ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ነጩ ፈሳሽ ወተት መስሎ መቆየት ነበረበት። አልቆየም። ፍርፋሪው እንደ ተበላሸ እርጎ ተለይቶ ወደ ታች ወረደ፤ ከላይ ውሃ ብቻ ቀረ።

እንደገና ነቀነቀችው። እንደገና ወረደ።

ከቆሻሻ መጣያው ባዶውን ብልቃጥ አወጣች። ከጠዋት ጀምሮ ለአስር ልጆች የቀዳችበት ነው። ነቅንቃ ወዲያው ስለቀዳች ምንም አላየችም ነበር፤ አሁን ግን የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ያው ፍርፋሪ ተጣብቋል።

ፔንታ ይሉታል፤ አምስት በሽታ በአንድ መርፌ። ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ጉሮሮ የሚዘጋው ዘጊ አናዳ፣ የጉበት በሽታ፣ ማጅራት ገትር። በብርድ ከረጋ በኋላ ግን አምስቱንም አይከላከልም፤ ልጅ ማስለቀስ ብቻ ነው ሥራው።

ባለፈው ወር ሃያ ብልቃጥ በሙቀት ተበላሽቶባት በስብሰባ ላይ ተወቅሳለች። እያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ምልክት አለ፤ ያ ምልክት ጠቁሮ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያው ውስጥ አይስ ፓኮቹን ከማቀዝቀዣው እንዳወጣች በቀጥታ ክትባት በምትይዝበት ሰማያዊ ሳጥን ውስጥ ደረደረቻቸው። ደንቡ ሌላ ነው። ሲነቀነቁ ውስጣቸው ያለው ውሃ እስኪሰማ ድረስ ውጭ መቆየት አለባቸው። ነገር ግን በጤና ኬላዋ በኩል ወደ ዋጫ የሚሄደው ሚኒባስ በር ላይ ክላክስ ያደርግ ነበር፤ እሷም ይበልጥ ቢቀዘቅዝ ይሻላል ብላ አሰበች። ብልቃጡ ላይ ብርድ ሲነካው የሚጠቁር ምልክት የለም።

ውጭ ዝናቡ አላባራም። አሥረኛዋ እናት አልጣሽ የጤና ኬላው በረንዳ ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። አጠገቧ ያልተፈጨ በቆሎ የሞላ ጆንያ ቆሟል።

ምሥራቅ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ከጤና ኬላው ጀርባ ወዳለው ድንጋይ ወጣች። ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪዋ ደምመላሽ በሦስተኛው ጥሪ አነሳ።

"ጋሽ ደምመላሽ፣ ፔንታው በረዶ ሆኗል።"

"ቀዝቃዛ መሆኑ መች ከፋ?"

"ቀዝቃዛ አላልኩም። ረግቷል። ነቅንቄ አቁሜ አየሁት።"

"ማን እይ አለሽ?"

"ማንም።"

ከኋላው የኮምፒውተር ቁልፍ ይሰማል። "ስንት ልጅ ተወግቷል?"

"አስር።"

"እኔ እኮ የክትባት ሽፋናችን ዘጠና ስድስት በመቶ ነው ብዬ ትናንት ለወረዳ ልኬያለሁ። የአንቺን አስር ጨምሬ።"

"ትናንት? የወጋሁት ዛሬ ነው።"

"ሪፖርት ከሥራው ቀድሞ ነው የሚፈለገው፤ አዲስ ሆንሽብኝ እንዴ?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ ምሥራቅ። መርፌው አይጎዳቸውም አይደል?"

"አይጠቅማቸውምም።"

"ባለፈው ወር በሙቀት፣ በዚህ ወር በብርድ ካልሽ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አያልፍሽም። መዝገቡ ላይ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አድርጊና ተይው። ወደፊት የክትባት ዘመቻ ሲመጣ እንደባልቃቸዋለን። ለአንቺ ብዬ ነው።"

ለእሷ ብሎ መሆኑን ታውቃለች። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀላት ነበር።

"ዘመቻው መቼ ነው?"

"ሲመጣ።"

ስትመለስ አልጣሽ ልጇን ጀርባዋ ላይ ልታዝል ስትሞክር አገኘቻት። ዝናቡ ቀነስ ብሏል።

"ሲስተር፣ ልሂድ። ወፍጮ ቤቱ ሳይዘጋ።"

"ባልሽ ባፈና እዚህ መምጣትሽን ያውቃል?"

አልጣሽ ሳቀች። "ባፈና? ባለፈው ተወግታ ሁለት ሌሊት ስታተኩስ፣ ደህናዋን ልጅ አሳመምሽብኝ ብሎ አላስተኛኝም። በቆሎ ላስፈጭ ብዬ ነው የወጣሁት። ሦስተኛው አይደል? አበቃ። ከእንግዲህ አልዋሸውም።"

የአልጣሽ የመጀመሪያ ልጅ በትክትክ ነው የሞተው። ዕድሜው ስምንት ወር ነበር፤ ሲያስለው ከንፈሩ ይጠቁራል፤ አልጣሽ ሰባት ቀን አቅፋው ተቀምጣለች። በሰባተኛው ቀን ተሸክማው እዚሁ በረንዳ ላይ ስትደርስ ምሥራቅ ጨርቁን ከፍታ ያየችው ያለቀለትን ልጅ ነበር። ዘንድሮም ከወንዙ ማዶ ባለው ቀበሌ ትክትክ ገብቷል ተብሏል።

"አልጣሽ፣ ቁጭ በይ።"

"ምነው?"

"የዛሬው መርፌ አይሠራም። መድኃኒቱ መንገድ ላይ ረግቶ ነበር። የልጅሽ የሜሪ ሦስተኛ ክትባት እንዳልተወጋ ቁጠሪው።"

አልጣሽ ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗን ገልጣ አየች። ትንሿ ቀይ ነጥብ እዚያው አለች።

"ተወግታለች እኮ። አልቅሳለች።"

"አዎ።"

"ማን አረጋው?"

"እኔ። በረዶው ሳይቀልጥ አስገባሁት።"

አልጣሽ የልጅቷን ጭን መልሳ ሸፈነች።

"ዝም ብትዪኝ ኖሮ ደስ ብሎኝ ቤቴ እገባ ነበር" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ለሌሎቹም ትነግሪያቸዋለሽ?"

"በየቤታቸው ሄጄ።"

"የታችኛው ሰፈር እናቶች አይመለሱልሽም። ሲስተሯ በልጆቻችን ትለማመዳለች ነው የሚሉሽ።"

"ይበሉ።"

"እኔስ? መቼ ልምጣ?"

"ሐሙስ አዲስ አመጣለሁ።"

አልጣሽ ወደ ጆንያው ተመለከተች። "ሐሙስ የማስፈጨው የለኝም። ያለችን ይቺው ናት።"

"እኔ ቤታችሁ መጥቼ ባፈናን ላናግረው?"

"አንቺ ከመጣሽ ጭራሽ ያውቃል።" የጆንያውን አፍ ፈታች። "ባልዲ አለሽ?"

"ለምን?"

"ግማሹን እዚህ ልተው። ወፍጮው መሃል ላይ ሞተሩ ቆመ እለዋለሁ። ሐሙስ የቀረውን ላስፈጭ ብዬ እወጣለሁ።"

ምሥራቅ ባልዲ አመጣች። አልጣሽ በቆሎውን ስታፈስ፣ ምሥራቅ ጥቂት ፍሬዎች ከሲሚንቶው ላይ ለቅማ መለሰች። ሲጨርሱ በላዩ ንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችበት።

"አይጥ እንዳያበላብሽ" አለች አልጣሽ፤ ልጇን አዝላ፣ የቀለለውን ጆንያ ራሷ ላይ አድርጋ ወረደች። ወደ ኋላ ዞር ብላ አላየችም።

ምሥራቅ ጠረጴዛው ጋ ተመልሳ ሳጥኑን ከፈተች። ብልቃጡ ተደግፎበት የነበረውን አይስ ፓክ አንስታ ጆሮዋ አጠገብ ነቀነቀችው። ውሃው ተንቦጫቦጨ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መስማት የነበረባት ድምፅ ነው።

ስልኳ ድንጋዩ ላይ ሳለች የገባ መልእክት አሳየ። ደምመላሽ ነው፦ "በእርሳስ።"

መዝገቡን ገለጠች። እርሳሱ መሃሉ ላይ ነበር። አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ ከሜሪ ስም ጀምራ አስሩንም ሰረዘች። ከዚያ የቀሩትን ዘጠኝ ስሞች በእጇ መዳፍ ላይ ጻፈች፤ መጀመሪያ የታችኞቹን።