ማንሆሉ የት ነው?

ሽንት ቤታችን ሲደፈን የመጀመሪያዋ ተከሳሽ እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ከበሩ ሳይገባ አፍንጫውን ይዞ፣ «የጨርቅ ቁርጥራጭሽን እዚያ ውስጥ እየደፋሽ ነው!» አለኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራው ቤት ውስጥ ነው። ሃያ ዓመት ስሰፋ አንዲት ክር ፍሳሽ ውስጥ ጥዬ አላውቅም። ደሜ ፈላ። «እባክህ አትነዝንዘኝ፤ ይልቅ እጅጌህን ሰብስብና ግባ» አልኩት።

ይሄን ወንድሜን እኛ ቤት ኢንጂነሩ ነው የምንለው። የሚሸጠው ቀለም ነው፤ ግን ጣሪያ ያፍስስ፣ ፊውዝ ይቃጠል፣ እሱ ስልኩን ከፍቶ የማይተነትነው ነገር የለም። መጀመሪያ የፈላ ውሃ ከቤኪንግ ሶዳና ከኮምጣጤ ጋር አዘዘ። አረፋው ኩፍ ብሎ ወጣ፣ እኛም ደስ አለን፤ አረፋው ሲከስም ውሃው እዚያው ቁጭ ብሏል። ቀጥሎ በጎማ መግፊያ ገፋን፤ እኔ ስገፋ እሱ ይቆጥራል። ቀጥሎ ከሱቅ ዓይን የሚያስለቅስ ዱቄት ገዛ። ዱቄቱ የውሃውን ቀለም ለወጠው እንጂ ከቦታው አላነቃነቀውም። በአራተኛው ቀን ጭራሽ በገላ መታጠቢያው ወለል ከታች ወደ ላይ መገንፈል ጀመረ።

ሌላ ቤት ቢሆን ኖሮ ይቻላል፤ የጎረቤት ሽንት ቤት ይለመናል። እኛ ቤት ግን አባዬ አለ። ከስምንት ወር በፊት አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝም አለው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ እናጥበዋለን፣ አንሶላው ይታጠባል፣ የሚለብሰው ይታጠባል። ያ ሁሉ ውሃ መሄጃ የለውም። በባልዲ እየተሸከምኩ ጎረቤት እደፋለሁ፤ የመጀመሪያው ቀን «አይዞሽ» አሉኝ፣ በሦስተኛው ቀን በሩን ሲከፍቱልኝ ፊታቸው ጠቁሯል። አልፈርድባቸውም።

ከአባዬ አፍ የቀረችው ቃል አንዲት ናት። «አዎ»። ራበህ? አዎ። ጠገብክ? አዎ። መስኮቱን ልክፈተው? አዎ። ልዝጋው? አዎ። ሌላው ቋንቋው ግራ እጁ ነው። መዳፉን ወደ ላይ ያደርግና ግልብጥ ያደርገዋል፤ እንደገና ወደ ላይ፣ እንደገና ግልብጥ። ነርሷ ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት ብላናለች። ስለዚህ እጁን ሲያገላብጥ አዙሩኝ ማለቱ ነው ብለን እናዞረዋለን። ራሱ አስታዋሽ ሆነልን ብለን ስንት ጊዜ አመስግነናል!

በአምስተኛው ቀን ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ሰፈሩ ሽቦው ይለዋል፤ ቀጭን ነው፣ ደግሞም ትከሻው ላይ የተጠቀለለ የብረት ሽቦ አይጠፋም። ሽቦውን በሽንት ቤቱ ቀዳዳ አስገብቶ እጀታውን እያዞረ ሰደደው። ሰባት ሜትር ላይ ድርቅ አለ። ከመንገድ በኩል ሞከረ፤ እዚያም አልገባለት አለ። ላቡን ጠርጎ ዋጋውን በጣቶቹ ቆጠረልኝ።

«ሽቦ ስምንት መቶ፤ እሱን ሞክሬያለሁ። በግፊት ውሃ የሚያጥብ ማሽን አለ፤ ስድስት ሺህ። መጣጭ መኪና አለ፤ በአንድ ምልልስ አራት ሺህ። ግን እህቴ፣ ስድስት ሺህም ክፈዪ ስልሳ ሺህ፣ መስመሩ መሐል ላይ ሁለት ቦታ ይታጠፋል። የተደፈነው መታጠፊያው ላይ ነው። እዚያ የሚደረሰው በማንሆል፣ በፍሳሽ ጉድጓዱ መክፈቻ ነው። ማንሆሉ የት ነው?»

እኔና ኢንጂነሩ ተያየን። ማንሆሉ ድሮ ግቢው ውስጥ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አባዬ ለስፌት መኪናዎቼ ቦታ እንዲሆነኝ ብሎ ሳሎኑን በግቢው ላይ ሲያሰፋው ማንሆሉም አብሮ ቤት ገባ። አሁን ከሳሎኑ ወለል ሥር የሆነ ቦታ ነው። የቱ ጋ እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አዎ ነው የሚለው።

አባዬ ሴራሚክ ሠራተኛ ነበር። አርባ ዓመት የሰው ቤት ሲያሳምር የኛ ቤት ልሙጥ ሲሚንቶ ነበር። ሳሎኑን ካሰፋው በኋላ ግን አሥር ቀን በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ማንንም ሳያስጠጋ፣ ያን ወለል አነጠፈው። እያንዳንዷ ሴራሚክ ጥግ ላይ ትንሽ ቅጠል አለባት፤ ቅጠሎቹ ሁሉ ወደ በሩ ነው የሚያዩት። አንዲት ስህተት ነበረችበት፣ እሷንም እኔ አስተካክያታለሁ። ከዚያ ወለል በኋላ ጉልበቱ እምቢ አለው፤ ሌላ አልሠራም። አልጋውን ሳሎን ያደረግነውም ለዚሁ ነው። ምንም ባይናገር ሥራውን እያየ ይዋል ብለን። አሁን ያን ወለል እፊቱ በመሮ ልናፈርሰው ነው። አንድ ቦታ ብቻ ተፈንክቶ እንዲገኝ እየለመንኩ ነበር፤ አንድ ቦታ ብቻ።

ኢንጂነሩ አልጋው ሥር ተንበረከከ። «አባዬ፣ ማንሆሉ መስኮቱ ጋ ነው?»

«አዎ» አለ አባዬ።

«ስፌት መኪናዋ ጋ ነው?»

«አዎ።»

ሽቦው እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «አባባ ሁሉንም ነው እንዴ እሺ የሚሉት?» አለ በሹክሹክታ።

«ዕድሜ ልኩን እምቢ ሲል የኖረ ሰው ነው፤ ይካስበት» አልኩት። ሳቅን። ያን ቀን የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

ሽቦው ወለሉን በመዶሻው እጀታ እያንኳኳ ጆሮውን ደቀነ። ሦስት ቦታ ባዶ ድምፅ ሰማ። አልጋው ሥር ማንኳኳት አልቻለም፤ አልጋው ከባድ ነው፣ አባዬን ማንሳት ደግሞ ለሁላችንም ጭንቅ ነው። ስለዚህ መስኮቱ ጋ ጀመረ።

የመጀመሪያዋ ሴራሚክ ስትሰነጠቅ አባዬ እጁን አነሳ። መዳፉን ግልብጥ አደረገ። እኔና ኢንጂነሩ ወዲያው ተረባርበን ወደ ግድግዳው አዞርነው። እንዲያውም ጥሩ፣ አያየውም ብዬ ተመስገን አልኩ። መስኮቱ ጋ ያገኘነው አሸዋ ነው።

ሁለተኛው ቦታ ስፌት መኪናዬ ጋ ነበር። መሮው ሲያርፍ ያ እጅ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣ። ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው፣ እጁ ግን ወደ ኋላ ወደኛ ተዘርግቶ ይገለባበጣል። «አሁን እኮ ነው ያዞርንህ!» አልኩት። መልሰን ወደኛ አዞርነው። ሽቦው ክንዱ እስኪውጥ ቆፈረ፤ ድንጋይ ነው።

ሦስተኛው በሩ ጋ ነው። አሁን አባዬ እያየ ነው። እጁ አያቆምም፤ ወደ ላይ፣ ግልብጥ፣ ወደ ላይ፣ ግልብጥ። እየቸኮለ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። እኔ ደግሞ ደክሞኛል፣ ሸቶኛል፣ ቤቴ ፈርሷል። «ኧረ በሞቴ አንድ ጊዜ ጸጥ በልልኝ!» ብዬ ጮህኩበት። እጁን ይዤ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተትኩትና ወደ ግድግዳው አዞርኩት። አባቴን ነው እንዲህ ያልኩት።

በሩ ጋም የለም። ሽቦው የተቆለለው ስብርባሪ አጠገብ ቁጭ ብሎ ውሃ ጠየቀኝ። ጠጣና ብርጭቆውን መልሶልኝ ራሱን ነቀነቀ።

«እንዲህ ያለ ወለል የሠራ ሰው ማንሆል እንዲህ ደፍኖ አይሄድም ነበር። የድሮዎቹ ባለሙያዎች ምልክት ይተዋሉ። አንዷን ሴራሚክ አዙረው ያነጥፏታል፤ ሥዕሏ ከሌሎቹ ተቃራኒ እንዲያይ። የሚያውቅ ሰው ሲመጣ እሷን ብቻ አንስቶ ይከፍታል። እዚህ ግን ሁሉንም አየኋቸው፤ ቅጠሉ ሁሉ ወደ በሩ ነው።»

ክው አልኩ። ብርጭቆው እጄ ላይ ቀረ።

እሷ ነበረች። ጥጉ ጋ፣ አሁን አልጋው ያለበት ቦታ፣ ቅጠሏ ወደ ግድግዳው የዞረች አንዲት ሴራሚክ ነበረች። ልብስ ሰፊ ነኝ አላልኳችሁም? ያልገጠመ ነገር ካየሁ ዓይኔ ሌላ አያይም። አሥር ዓመት ሙሉ በጠረግኩ ቁጥር እሷን አይቼ፣ «አባዬ፣ አርባ ዓመት ሠርተህ ይቺን እንዴት አጣመምካት?» እያልኩ አሾፍበት ነበር። እሱም እየሳቀ፣ «ተያት፣ እሷ ሥራ አላት» ይለኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ! ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ሲተኛ፣ ቤቱ አምሮበት ይጠብቀው ብዬ ሠራተኛ ጠራሁና አስነቀልኳት። ስትነቀል ተሰበረች፤ አባዬ በካርቶን ካስቀመጣት አንዲት ትርፍ ሴራሚክ ሌላ አስተከልኩ። ቀጥ አድርጌ! ያን ያዘዘ አፌን ምን ልበለው?

ሆስፒታል እያለ እጁን አንድ ቀን እንኳ አገላብጦ አያውቅም። የጀመረው ቤት የገባ ዕለት ነው። አልጋውን እስክንገጥም በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወለሉን ሲያይ፣ ጥጉን ሲያይ፣ እንባው ወረደ። ቤቱ ናፍቆት ነው አልን። መዳፉን ገለበጠ። ደክሞት ነው አልንና አስተኝተን ወደ ግድግዳው አዞርነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሰባት ወር ሙሉ፣ ይቺ ሴራሚክ ዞራ ነበር፣ ማን ገለበጣት እያለ ሲነግረን እኛ እሱን ስናገላብጠው ከረምን።

ለወንድሜ ስነግረው ስልኩን ኪሱ ከተተ። አባዬን ተጋግዘን ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው፣ አልጋውን ጎትተን አነሳን። ሽቦው መሮውን ያቺ ትርፍ ሴራሚክ ላይ አሳረፈ። ሁለት ጊዜ መታት፣ ከሥሯ ስስ ሲሚንቶ፣ ከሲሚንቶው ሥር የማንሆሉ ክዳን እንደ ተቀመጠ ነው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። መጣጩ መኪና መጣ፣ የግፊት ውሃው ገባ። ከመታጠፊያው የወጣው እንደ ፀጉር የተጠላለፈ የዛፍ ሥር ነው፤ አንዲት ክር አልነበረበትም። ኢንጂነሩ፣ «ይቅርታ፣ አንቺ አይደለሽም» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ዓመት እዘፍንበት ነበር። ያኔ ግን ዓይኔ አባዬ ላይ ነበር።

ውሃው ሄደ። ሽንት ቤቱ ተለቀቀ። ወለሉ አራት ቦታ ተፈንክቶ ቀረ። ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፤ ያ ሴራሚክ መመረት ካቆመ ቆይቷል አሉኝ። አንዷን ትርፍ ደግሞ እኔው ጨርሻታለሁ። ሽቦው ሦስቱን ጉድጓዶች በሲሚንቶ ለሰናቸው፣ ማንሆሉ ላይ ሴራሚክ የሌለበት ባዶ ክዳን አደረገ። ከዚህ በኋላ ምልክት አያስፈልገውም፤ ከሩቅ ይታያል።

አልጋውን ከክዳኑ አርቀን ዘረጋነው። አባዬን አስተኝቼ ፊቱን ወደ ክፍሉ አደረግኩለት። ወለሉን ከመስኮቱ እስከ በሩ ቀስ ብሎ አየው። ቀጥሎ እኔን አየኝ። እጁን አነሳ፣ መዳፉን ገለበጠ።

እጁን በሁለት እጄ ያዝኩት። አሁን መዞር ይፈልግ፣ ስለ ሴራሚኳ ያውራ፣ ምን አውቄ።

«አባዬ፣ ገባኝ። አሁን ገባኝ። ተቀየምከኝ?» አልኩት።

«አዎ» አለ።

እጁን አለቀቅኩም። እንደምንም፣ «ይቅር አልከኝ?» አልኩት።

«አዎ» አለ፣ በዚያው ድምፅ።